መጀመሪያ ቸርኬው፣ ከዚያ ፓራፋንጎው
የመኪና ጥያቄና መልስ ዓምድ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በፋይበር ግላስ ስለሚሠራው ሰፊ ፓራፋንጎ፣ ወጣቶቹ «ዋይድ ቦዲ» ስለሚሉት ነው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ኮሮላ ኬኢ70 (ዲኤክስ) አለኝ። አራት የፋይበር ፓራፋንጎ ገዝቻለሁ፤ እያንዳንዱ መኪናውን በ50 ሚሊ ሜትር ያሰፋል ተብያለሁ። ጋራዡ «መጀመሪያ ፓራፋንጎውን እንሰር፣ ቸርኬ በኋላ ትፈልጋለህ» ይለኛል። አሁን የታሰረው ቸርኬ ስፋቱ 6 ኢንች፣ ኢቲው (የመታሰሪያው ፊት ከቸርኬው ስፋት መሐል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር) 20 ነው። ልገዛ ያሰብኩት 8 ኢንች፣ ኢቲ 0 ነው። ይገጥማል? — ከአዳማ

መልስ፦ የጋራዡን ምክር አይቀበሉ። ፓራፋንጎው የሚቆረጠውም የሚታሰረውም በጎማው ልክ ነው። ጎማው ሳይኖር የተቆረጠ ላሜራ ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል፤ ያነሰው እንደገና ይቆረጣል፣ የበዛው ግን አይመለስም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የስፋቱ ልዩነት 2 ኢንች ነው፤ ግማሹ ወደ ውጭ፣ ግማሹ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ማለትም በየጎኑ 25.4 ሚሊ ሜትር። ኢቲው ከ20 ወደ 0 ሲወርድ ደግሞ ቸርኬው በሙሉ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ የውጭው ጠርዝ 25.4 ሲደመር 20፣ ወደ 45 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የውስጡ ጠርዝ 25.4 ሲቀነስ 20፣ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። ከ50 ሚሊ ሜትሩ የሚተርፍዎ 5 ብቻ ነው፤ ያውም የድሮው ጎማ ከድሮው ፓራፋንጎ ጠርዝ እኩል ከነበረ። ገባ ብሎ ከነበረ ያንን ይደምሩ። አዲሱ ጎማ ከቸርኬው ጠርዝ አብጦ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ይቀንሱ። ቸርኬው ባለ 4 ቡሎን፣ ቡሎኖቹ የሚያርፉበት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊ ሜትር መሆኑንም ያረጋግጡ።

በወረቀት የተሰላው በመኪናው ላይ መታየት አለበት። ሞላውን አውጥተው አሞርዛተሩን ብቻ መልሰው ይሰሩ፤ መኪናውን በመደገፊያ ላይ ያቁሙና ጎማውን በክሪክ ከታች እየገፉ እስከ ላይኛው ማቆሚያ ላስቲክ ድረስ ያንሱት። ከፊት መሪውን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው እያዞሩ ይዩ፤ ብዙ ጊዜ የሚነካው የጎማው የኋላ ትከሻ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ላሜራ ጋር ነው። ከኋላ የኬኢ70 አክስል ሙሉ ዘንግ ስለሆነ ሁለት ፈተና ያስፈልገዋል። ሁለቱንም ጎማ አንድ ላይ ማንሳት የውጭውን ክፍተት ያሳያል። አንዱን ብቻ ማንሳት ግን ጎማውን ከላይ ወደ ውስጥ ያጋድለዋል፤ ከውስጠኛው ላሜራ ጋር የሚነካካው ያኔ ነው። አክስሉን በጎን የያዘው ዘንግም ሲነሳ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ስለሚጎትተው ግራና ቀኙን ለየብቻ ይለኩ። ጎማው እስከ መጨረሻው ተነስቶ በጎን 10፣ በላይ 15 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ካልቀረ፣ ጥፋቱ የፓራፋንጎው ሳይሆን የጎማው ምርጫ ነው።

አራቱ ፓራፋንጎዎች እኩል ናቸው ብለው አይመኑ። የግራውና የቀኙ ልዩነት ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ መኪናው ራሱ በ40 ዓመት ውስጥ ተጋጭቶ ተቀጥቅጦ ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል። ስለዚህ ከሰውነቱ መስመር ጋር ብቻ ሳይሆን ከጎማው መሐል ጋር አስተካክለው ያሰልፉ። ከመሬት፣ ከበሩ ጠርዝና ከጎማው መሐል ሦስት ልኬት ይውሰዱ፤ የአንዱን ጎን ልኬት በካርቶን ቀርፀው ወደ ሌላው ጎን ያዙሩ። ጠርዙ ከላሜራው ጋር የማይተኛ ከሆነ በሙቅ አየር ሞቅ አድርገው፣ በቦታው አስረው እስኪቀዘቅዝ ይተዉት። 3 ሚሊ ሜትር ድረስ ያለ ክፍተት እንዲህ ይዘጋል። ከዚያ በላይ ያለውን በቡሎን ጎትቼ አስጠጋዋለሁ ያለ ሰው ፓራፋንጎውን ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ የኋላ ፓራፋንጎ ተቆርጦ ፋይበሩ ከታሰረልኝ ሦስት ወር ሆነው። ክረምቱ ሲገባ ሻንጣው ውስጥ ውሃ ተገኘ፤ ከኋላ ወንበሩ ጎን ጭቃ አለ። ሠራተኛው «ሲሊኮን ጨምርበት» አለኝ። ጨምሬበታለሁ፣ አልቆመም። — ከሐዋሳ

መልስ፦ አይቆምም። ፋይበሩን ያውልቁና ከኋላው ያለውን ላሜራ ይዩ። እንደምንገምተው ውስጥና ውጭው ተለያይቶ፣ በመካከሉ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያገኛሉ።

የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ አንድ ነጠላ ላሜራ ነው፤ ቢቆርጡትም ብዙ አይጎዳም። የኋላው ግን የሰውነቱ አካል ነው። የውጭው ላሜራና ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የውስጥ ላሜራ በቅስቱ ከንፈር ላይ በነጥብ ብየዳ የተሰፉ ናቸው። ያ ከንፈር ሲቆረጥ ስፌቱ አብሮ ይሄዳል። ጎማው የሚረጨው ውሃ በቀጥታ ወደ ሻንጣው ይገባል፤ የኋለኛው ጥግ ደግሞ ጥንካሬውን ያጣል፣ በጉድጓድ ላይ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል። ፋይበሩ ይህን ሁሉ ከዓይን ስለሚሸፍን ብዙ ሠራተኛ እዚህ ላይ ሥራውን ይዘለዋል። ዋጋ ሲጠይቁ «የውስጡን ላሜራ መልሰህ ትበይዳለህ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ባለሙያውን ይነግርዎታል።

እንደገና ሲሠራ እንዲህ ይሁን። የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። የኋላ ወንበር፣ የሻንጣው ምንጣፍና በዚያ ጎን የሚያልፈው የመብራት ገመድ ይውጣ። ነዳጅ መሙያው ባለበት ጎን ቱቦው ተፈትቶ፣ አፉ በደንብ ተዘግቶ፣ መኪናው ከተበየደ በኋላ ነው የሚመለሰው። መስታወቱ በእርጥብ ብርድ ልብስ ይሸፈን፤ የግራይንደር ፍንጣሪ መስታወት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ በጥፍር አይለቅም። የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይኑር፤ ከመጨረሻው ብየዳ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሰው አጠገቡ ይቆይ።

አሁን መቁረጡ። ፓራፋንጎውን በቦታው ይዘው በወረቀት ፕላስተር ላይ የውጭ ጠርዙን ያስምሩ። የሚቆረጠው ያ መስመር አይደለም። ከመስመሩ ወደ ጎማው 25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ሌላ መስመር ያስምሩና በዚያ ይቁረጡ፤ በመካከል የቀረው ላሜራ ቡሎኖቹ የሚይዙት ነው። (በእርስዎ መኪና ላይ ይህ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የቀረውን ይለኩ።) የውጭው ላሜራ ከተቆረጠ በኋላ የውስጡን ላሜራ ከጠርዙ ወደ ላይ በየ25 ሚሊ ሜትሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰንጥቁት። ከዚያ አንድ በአንድ ጥርሱን በመዶሻ ወደ ውጭ እየመቱ፣ ከውጭው ላሜራ ጋር እስኪነካካ ያጥፉት። በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ሦስት ማዕዘን ክፍተት በ0.8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይደፈናል። ጥርሱ የማይደርስበት ቦታ ካለ አይጎትቱት፤ ተጨማሪ ቁራጭ ላሜራ ያስገቡ።

የመኪናው ላሜራ ውፍረት 0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በኤሌክትሮድ ብየዳ አይሞከርም፤ ይበሳዋል። በሲኦቱ (በጋዝ በሚሸፈነው የሽቦ ብየዳ)፣ በ0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ በነጥብ በነጥብ ይበየድ። አንድ ነጥብ ከፊት፣ ቀጣዩ ከኋላ፣ ቀጣዩ ከመሐል፤ አንዱ በእጅ እስኪነካ ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛው አጠገቡ አይበየድ። ተከታትሎ የበየደ ሰው የውጭውን ላሜራ እንደ ማዕበል ያጣምመዋል፤ ያንን ደግሞ ፋይበሩ አይሸፍነውም፣ ከፋይበሩ በላይ ነውና የሚታየው። ሁለቱ ላሜራ በሚገናኙበት ፊት ከመበየዱ በፊት ዚንክ ያለው የብየዳ ፕራይመር ይቀባ።

ከብየዳው በኋላ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ከዚያ የፖሊዩሬቴን የመኪና ስፌት ማሸጊያ በጎማው በኩልም በሻንጣው በኩልም። የመስኮት ሲሊኮን አይሆንም። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት የሚለቀው አሲድ ላሜራን ያዝጋል፤ በላዩም ቀለም አይዝም። የጨመሩበት ያ ከሆነ አንድም ሳይቀር ተፍቆ ይውጣ። ማሸጊያው ሲደርቅ የድንጋይ መከላከያ ቅብ ከታች፣ ቀለሙ ካለቀ በኋላ ደግሞ በላሜራዎቹ መካከል ሰም ይረጫል። ታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትደፍኑ አደራ።

ፋይበሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ሰው መብራት ይዞ ሻንጣው ውስጥ ይግባ፤ ሌላው በጎማው ቅስት ውስጥ ለ10 ደቂቃ በቱቦ ውሃ ይርጭ። አንዲት ጠብታ ከታየች ሥራው አላለቀም።

ጥያቄ፦ የቡሎን ጭንቅላት እንዲታይ አልፈልግም። በስቱኮ ከላሜራው ጋር አንድ ቢሆንልኝስ? ሁለት ጋራዥ «ይቻላል» ብሎኛል፤ አንዱ «ይሰነጠቃል» አለ። — ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ

መልስ፦ ሦስተኛው ልክ ነው። ብረት በሙቀት የሚለጠጠው በአንድ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ 0.012 ሚሊ ሜትር ነው። ከፖሊስተር ሬዚንና ከተበጣጠሰ የመስታወት ምንጣፍ የተሠራ ፋይበር በግምት ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል። ጥቁር መኪና ሌሊት በ12 ዲግሪ አድሮ ቀን ፀሐይ ላይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ 0.6 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ፋይበሩ ከ1.2 ያልፋል። ስቱኮ ደረቅ ነገር ነው፤ በየቀኑ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ሲጎተት ሲገፋ አይችለውም። መጀመሪያ በመጋጠሚያው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታያል፤ ቀጥሎ ውሃ ይገባበታል፤ በመጨረሻ ከሥሩ ዝገት ያነሳዋል። ከዚህም ሌላ ፖሊስተር ሬዚን በብረት ላይ አጥብቆ አይያዝም። «በፋይበር ለብጠን እናያይዘዋለን» የሚሉትም ያው ነው፣ ቀኑ ብቻ ይረዝማል።

ቡሎን የሚታይበት አሠራር ነውር አይደለም። ኒሳን በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፌርሌዲ 240ዜድጂ ከፋብሪካው የወጣው ማሰሪያው ከውጭ በሚታይ የፋይበር ፓራፋንጎ ነው፤ ዛሬ ሰው የሚቀዳው ያንን ነው።

በቡሎን ከሆነ፦ ኤም6 የማይዝግ ቡሎን፣ ክብ ጭንቅላት ያለው፣ በየ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ የኋላ ፓራፋንጎ 9 ወይም 10 ይበቃል። በላሜራው ላይ 9 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቶ ሪቬት ናት (በቀዳዳው ውስጥ ተጨፍልቆ የሚቀር ዳዶ) ይገባል፤ የቀዳዳው ጠርዝ ባዶ ብረት ሆኖ አይቅር፣ ፕራይመር ይነካ። በፋይበሩ ላይ ግን ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 2 ሚሊ ሜትሩ የመለጠጫ ቦታ ነው። ፋይበሩን ከቀለሙ ፊት በኩል፣ በላዩ ፕላስተር ለጥፈው፣ ከኋላ እንጨት ደግፈው፣ በስለታም ፑንታ ያለ መዶሻ ምት ይብሱ። ከቡሎኑ ሥር ቢያንስ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሮንዴላ ይግባ። በፋይበሩና በላሜራው መካከል የላስቲክ ጠርዝ ካልገባ አሸዋ ይገባና በንዝረቱ ቀለሙን እስከ ብረቱ ይፍቀዋል። ማጥበቁ ከላይ መሐል ጀምሮ ወደ ሁለቱ ጫፍ ነው፤ በአጭር ቁልፍ፣ በሁለት ጣት፣ ወደ 4 ኒውተን ሜትር። በቡሎኑ ዙሪያ እንደ ኮከብ የተበተነ ስንጥቅ ካዩ የጠበቀው ከልክ በላይ ነው።

ቡሎን ፈጽሞ አይታየኝ ካሉ፣ የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ዓይነት የፖሊዩሬቴን ሙጫ አለ። በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ይዘርጋ፤ ተጨፍልቆ ሲያልቅ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይቅርለት፤ ፈጽሞ ከተጨመቀ መለጠጫ የለውም። መጋጠሚያው መስመር ሆኖ ይታያል፣ ይታይ። በግጭት ጊዜ ግን ባለ ቡሎኑን በ20 ደቂቃ ፈትተው ይቀይራሉ፤ የተለጠፈውን በቢላዋ ሲቆርጡ ይውላሉ።

ጥያቄ፦ ፓራፋንጎውን አስቀብቼ በሁለት ሳምንት ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሳ። ባልተነሳበት ቦታ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ነገር ሞልቷል። — ከድሬዳዋ

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ጥፋት ነው። የተላጠው ከሻጋታው በተረፈ ሰም ምክንያት ነው። ፋይበር ከሻጋታ እንዲላቀቅ ሰም ይቀባል፤ ሰሙ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ ወደ ጭረቱ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ቀጥሎ በሰም ማስለቀቂያ በሁለት ጨርቅ፦ አንዱ ይቀባል፣ ደረቁ ወዲያው ያነሳል። ውሃ ሲያፈሱበት ተንጠባጥቦ ከተሰበሰበ ሰሙ አለ፤ ሰፍቶ ከተዘረጋ ሄዷል። ከዚያ ነው 180፣ ቀጥሎ 320 ቁጥር ወረቀት።

ቀዳዳዎቹ በላይኛው ጄልኮት ሥር የታፈነ አየር ናቸው። አብዝቶ የፈተገ ሰው ይከፍታቸዋል። ፕራይመር በላያቸው ድልድይ ይሠራል እንጂ አይሞላቸውም፤ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ አየሩ ሲሞቅ ይፈነዳል። እያንዳንዱን በመርፌ ሰፋ አድርገው ከፍተው፣ ቀጭን ስቱኮ በምላጭ ጫፍ ይጫኑበት። ከዚያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ የሚሞላ ባለ ሃርድነር ፕራይመር፣ 400 እስከ 600 ወረቀት፣ ቀለም። አዲስ ፋይበር ከመቀባቱ በፊት በመኪናው ላይ እንደታሰረ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ግን አይሁን፣ ይጣመማል። ምድጃ ውስጥ ከ60 ዲግሪ አይለፍ።

ጥያቄ፦ ከድሮው ፓራፋንጎ ሻጋታ አውጥቼ ራሴ ሠራሁ። ሬዚኑ በሁለተኛውም ቀን እጅ ላይ ይጣበቃል። — ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በአየር በኩል ያለው ፊት ትንሽ መጣበቁ የብዙ ፖሊስተር ሬዚን ጠባይ ነው፤ አየር ያለበት ፊት ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። በቲነር ጠርገው ይፈትጉት። ጥፍር ሲጫኑት ግን የሚሰረጉድ ከሆነ ሬዚኑ አልበሰለም፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ አይገርምም። ከ15 ዲግሪ በታች አይሠራም፤ ቤቱን ያሙቁ፣ ሬዚኑንም ቀድመው ቤት ውስጥ ያሳድሩት። ለ1 ኪሎ ሬዚን ከ10 እስከ 20 ግራም ሃርድነር በሚዛን ይመዝኑ፤ በክዳን የሚለካ ሰው አንድ ቀን ያጥርበታል፣ አንድ ቀን ባልዲው ውስጥ ይጨስበታል። ለ1 ካሬ ሜትር ባለ 450 ግራም የመስታወት ምንጣፍ ወደ 1 ኪሎ ሬዚን ይበቃል፣ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ለፓራፋንጎ ሦስት ድርብ ያድርጉ፣ ቡሎን በሚያልፍበት ጠርዝ አራት።

ሃርድነሩ ዓይን ያሳውራል። መነጽር ሳያደርጉ ጠርሙሱን አይክፈቱ፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው ቢያንስ 15 ደቂቃ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ሐኪም ቤት። አፋጣኙን ኮባልት ለብቻው ገዝተው ከሆነ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ፈጽሞ አያገናኙ፤ ይፈነዳል። አንዱ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ከተዋሐደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። ፋይበሩን አገር ቤት አሠርቼ ባመጣው ቲዩፍ (የመኪና ቴክኒክ ምርመራውን) ያልፋል? — ከፍራንክፈርት

መልስ፦ በዚያ መልኩ ያስቸግርዎታል። እዚያ አገር ለፋይበር ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የቁሱ የምርመራ ወረቀት ነው፤ እጅ በእጅ የተሠራ ክፍል ያ የለውም። ወረቀት ያለው ክፍል ይግዙና ከመቁረጥዎ በፊት መርማሪውን ያነጋግሩ፤ በአገሩ የመኪና ደንብ አንቀጽ 21 የተናጠል ምርመራ አልፎ በመኪናው ሰነድ ላይ መጻፍ አለበት። ጎማው የሚሸፈንበት ልክም ይታያል፦ ከጎማው መሐል ወደ ፊት 30 ዲግሪ፣ ወደ ኋላ 50 ዲግሪ ባለው ቅስት ውስጥ የጎማው ጥርስ ከፓራፋንጎው ውጭ መውጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ ፓራፋንጎው ታስሮ ጎማው ወደ ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ቀረ። ስፔሰር ባስገባበትስ? — ከመቀሌ

መልስ፦ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ከሆነ በራሱ ቡሎን ከአክስሉ ጋር የሚታሰረውን፣ ቸርኬው ደግሞ በስፔሰሩ ቡሎን የሚታሰርበትን ዓይነት ይግዙ። ዝም ብሎ መሐል የሚገባው ሳህን የቡሎኑን ጥርስ ይበላል። መለኪያው ይኸው፦ ባለ 12 በ1.5 ቡሎን ላይ (ውፍረቱ 12፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ሜትር) ዳዶው በእጅ ከገባ በኋላ ቢያንስ 8 ሙሉ ዙር መዞር አለበት። ስድስት ዙር ላይ ከቆመ መኪናውን አያንቀሳቅሱ። 50 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላም ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ፤ ከፊት ኩሽኔታ ድምፅ ከሰሙ ስፔሰሩን መጀመሪያ ይጠርጥሩ።